«ዜማ፦ የሱዳን»፦ የኦምዱርማን ዘፈኖች፣ የአማርኛ ካሴቶችና የደራሲ ስም

የአማርኛ ዘፈን በካሴት ይሰራጭ በነበረበት ዘመን የካሴቱ ሽፋን ከዘፋኙ ፎቶግራፍና ከዘፈኖቹ ርእስ ሌላ አንድ ቁም ነገር ይይዝ ነበር፤ ግጥሙን የጻፈውንና ዜማውን የደረሰውን ሰው ስም። ብዙ ገዢ ሳያነበው የሚያልፈው፣ በደቃቅ ፊደል የታተመ ዝርዝር ቢሆንም፣ ለዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ከማናቸውም ሰነድ የማያንስ ማስረጃ ነው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሰው ስም ሊቀመጥ በሚገባው ቦታ አልፎ አልፎ የሰው ስም ያልሆነ ነገር ይገኛል። አንዳንዱ ዜማ «የሕዝብ» ተብሎ ይመዘገባል። አንዳንዱ ደግሞ «የሱዳን» ይባላል።

«የሱዳን» የሚለው ቃል በመጀመሪያ እይታ ቅን ነው። ዜማው የራስ አለመሆኑን ያምናል፤ የመጣበትንም አቅጣጫ ያመለክታል። ምንም ሳይሉ የራስ አድርጎ ከመውሰድ እንደሚሻል አያከራክርም። ሆኖም ዜማ የሚደርሰው ሰው እንጂ አገር አይደለም። የአገሩ ስም በሰውየው ስም ቦታ ሲገባ አንባቢው ሁለት ነገር ያጣል፤ ደራሲው ማን እንደሆነ፣ እንዲሁም ደራሲ የነበረው መሆኑን። ከሁለቱ የሚከፋው ሁለተኛው ነው። አንድ ዜማ «የሱዳን» ከተባለ በኋላ እንደ ዓባይ ውሃ ከወዲያ ወዲህ የሚፈስ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ ሊጠጣው የሚችል የተፈጥሮ ሀብት ይመስላል።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል የዜማ ባለቤትነት ጉዳይ እስከ አሁን የታየው ወይ እንደ ወዳጅነት ወይ እንደ ስርቆት ነው። ሁለቱም አመለካከቶች ዋናውን ነገር፣ ማለትም ደራሲን በስሙ የመጥራት ግዴታን፣ ወደ ጎን ይተዋሉ። የኢትዮጵያ የኮፒራይት ሕግም ይህን ክፍተት ከመድፈን ይልቅ በአንድ በኩል ያሰፋዋል። ጉዳዩን በትክክል ለማየት መነሻው ዜማዎቹ የተደረሱባት ከተማ ኦምዱርማን መሆን አለባት። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ሻንጣውና ስሞቹ

ኦምዱርማን ከካርቱም ማዶ፣ ከነጭ ዓባይና ከጥቁር ዓባይ መገናኛ በስተምዕራብ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ካርቱም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከተማ ስትሆን፣ ኦምዱርማን የገበያ፣ የሠርግና የዘፈን ከተማ ሆና ቆይታለች። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በዚህች ከተማ የሠርግ ቤቶች አንድ ዘፋኝ በጥቂት ተቀባዮች ታጅቦ፣ ያለ ብዙ መሣሪያ፣ በከተማው ባለቅኔዎች የተጻፉ ግጥሞችን ያዜም ነበር። ይህ የዘፈን ዓይነት ዛሬ በመላው ሱዳን «ሐቂባ» በሚል ስም ይታወቃል።

ስያሜው ከዘፈኖቹ በኋላ የመጣ ነው። የእንግሊዝ አስተዳደር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ፣ በ1940፣ በኦምዱርማን ሬዲዮ ጣቢያ አቋቋመ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ ጣቢያው የቀድሞዎቹን ዘፈኖች የሚያሰማ መርሐ ግብር ጀመረ፤ ስሙም «ሐቂበት አልፈን»፣ ማለትም «የኪነ ጥበብ ሻንጣ» ነበር። ሕዝቡ መርሐ ግብሩን ስለወደደው ዘፈኖቹን ሁሉ በሻንጣው ስም ጠራቸው። እዚህ ላይ አንድ ማስተዋል የሚገባ ነገር አለ። በየግላቸው ደራሲ የነበሯቸው ዘፈኖች በወል ስም መጠራት የጀመሩት ድንበር ከመሻገራቸው በፊት፣ በራሳቸው ከተማ ነው።

ሆኖም የኦምዱርማኑ ሻንጣ ስሞቹን ከውስጡ አላወጣም። ኸሊል ፈረህ በፖስታና ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ በ1924ቱ የፀረ ቅኝ አገዛዝ እንቅስቃሴ ዘመን የኖረ፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚደርስ ሰው እንደነበር ይታወቃል፤ በ1932 ሞቶ የተቀበረውም በኦምዱርማን ነው። ኢብራሂም አልዐባዲ ገጣሚና የተውኔት ጸሐፊ መሆኑ ይታወቃል። ከሩማ በሚል ስም የሚጠራው አብደልከሪም አብደላ ከመዝፈን አልፎ ብዙዎቹን ዜማዎች የፈጠረ ሰው እንደሆነ ይታወቃል። መሐመድ አሕመድ ሱሩር እነዚያን ዜማዎች በድምፁ ያነገሠ ዘፋኝ መሆኑም እንዲሁ። የሬዲዮ አስተዋዋቂው ቃላቱ የእገሌ፣ ዜማው የእገሌ፣ ድምፁ የእገሌ እያለ ሦስቱን ለይቶ ያስተዋውቅ ነበር። ይህ ልማድ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የባለቤትነት ሁሉ መሠረት እርሱ ነው።

የሱሩር ሕይወት ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሌላም ትርጉም አለው። የኦምዱርማን ሠርግ ቤቶች ታላቅ ዘፋኝ የሆነው ይህ ሰው በ1946 ያረፈው በአሥመራ ነው። ዘፈኖቹ ወደ ምሥራቅ ከመሻገራቸው በፊት ዘፋኙ ራሱ ተሻግሮ ነበር ማለት ነው። በሱዳን ቆላና በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች መካከል ያለው መንገድ የነጋዴ፣ የሾፌር፣ የወታደርና የስደተኛ መንገድ እንደነበረ ሁሉ የዜማም መንገድ ነበር። በኋላ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ከደርግ ሸሽተው በገዳሪፍ በኩል ወደ ካርቱምና ኦምዱርማን ሲገቡ የሬዲዮውን ዘፈን ከመንገድ ዳር ሻይ ቤት ለመዱት። ሰይድ ኸሊፋና መሐመድ ወርዲ በአዲስ አበባ እንደ አገር ልጅ የተወደዱት ከዚህ ጎረቤትነት የተነሣ ነው። ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ አገሩን ትቶ የወጣው ወርዲ በ1994 በአዲስ አበባ ያቀረበው ዝግጅት በቅጂ ተሰራጭቶ እስከ ዛሬ ይደመጣል።

፪. ሕጉ ማንን ያያል?

ይህ ሁሉ ወዳጅነት በሕግ ዓይን ሲታይ ምን ይመስላል? በኢትዮጵያ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ባለቤትነት በዘመናዊ ሕግ የተደነገገው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 ባሉት አንቀጾች ነበር። እነዚህን የተካው የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ ሥራ አመንጪ ለሚለው ሰው ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል። አንዱ ሥራውን የማባዛት፣ የመተርጎም፣ የማላመድና በሕዝብ ፊት የማቅረብ ኢኮኖሚያዊ መብት ነው፤ ይህም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ሌላው የሞራል መብት ነው፤ የሥራው ደራሲ ተብሎ የመጠራትና ሥራው እንዳይዛባ የመቃወም መብት።

ለተያዘው ጉዳይ ወሳኙ ግን አንቀጽ 3 ነው፤ አዋጁ በማን ላይ እንደሚፈጸም የሚወስነው። ጥበቃው የሚደርሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነት ላላቸው ወይም ዋና መኖሪያቸው በኢትዮጵያ ለሆነ ሥራ አመንጪዎች፣ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ለታተሙ ሥራዎች፣ በሌላ አገር ታትመው በ30 ቀናት ውስጥ በኢትዮጵያ ለታተሙ ሥራዎች፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ በተቀበለችው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ጥበቃ ለሚገባቸው ነው። አዋጁ በወጣ ጊዜ ኢትዮጵያ የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ ሥራዎችን የሚጠብቀው የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። ሱዳን በበኩሏ በ1974 የወጣውን የኮፒራይት ሕጓን በ1996 ከተካች በኋላ በ2000 ስምምነቱን ተቀብላለች፤ በ2013ም ሕጓን እንደገና አሻሽላለች። ነገር ግን የበርን ስምምነት አባል አገሮችን የሚያስገድደው እርስ በርሳቸው ነው። አንዱ ወገን ውስጥ፣ ሌላው ውጭ ሆነው በቆሙበት ጊዜ በኦምዱርማንና በአዲስ አበባ መካከል ዜማን የሚያሻግር የሕግ ድልድይ አልነበረም።

ውጤቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በ1950ዎቹ በኦምዱርማን ሬዲዮ የተሰማን ዜማ አንድ ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ ወስዶ አዲስ የአማርኛ ግጥም አስጽፎበት፣ አቀናብሮ በአዲስ አበባ ያሳትመዋል እንበል። አዋጁ ከሌላ ሥራ ተላምዶ የተሠራን ሥራ ራሱን የቻለ አድርጎ ስለሚጠብቅ የአማርኛው ግጥም የተጠበቀ ነው፤ ቅንብሩም እንዲሁ። የዘፋኙ ክዋኔና የካሴት አሳታሚው ቅጂም በተዛማጅ መብት ይሸፈናሉ። ሌላ ዘፋኝ ያንኑ ካሴት ቢገለብጥ ይከሰሳል። መነሻው ዜማ ግን በአንቀጽ 3 ከተዘረዘሩት በአንዱም አይገባም። እዚህ ላይ ተከራዩ ቁልፍ ይዟል፤ ቤቱን የሠራው ሰው ደግሞ ደጅ ቆሟል። ሕጉ ዜማን ያለፈቃድ መውሰድን አላዘዘም። ነገር ግን ወሳጁን ከሌላ ወሳጅ እየጠበቀ ከደራሲው ጠያቂነት ነጻ ያወጣዋል።

የዚህ ድንጋጌ ሌላ ገጽ በቅርብ ዓመታት ጎልቶ ወጥቷል። በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ ብዙ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ዋና መኖሪያውን አዲስ አበባ ያደረገ ሱዳናዊ የዜማ ደራሲ በአንቀጽ 3 መሠረት እንደ ኢትዮጵያዊው እኩል ጥበቃ ሊጠይቅ ይችላል። በኦምዱርማን የቀረው የሙያ ባልደረባው ግን አይችልም። አንድ ሰው በዜማው ላይ ያለው መብት እንዲታወቅለት ቤቱን ማጣት አለበት ማለት ነው። ሕግ አውጪው ይህን አላሰበውም ይሆናል፤ ዳሩ ግን የድንጋጌው ቀጥተኛ ንባብ ወደዚህ ያደርሳል።

፫. የሃምሳ ዓመቱ ስሌት

ሕጉ ጎደለ ማለት ግን እያንዳንዱ የሐቂባ ዜማ ዛሬም ክፍያ ይጠየቅበት ማለት አይደለም። ጉዳዩን ከስሜት አውጥቶ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የበርን ስምምነት የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ዘመንም ሆነ የኢትዮጵያ አዋጅ የሚሰጠው ዘመን የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው። በዚህ ስሌት የኸሊል ፈረህ ሥራዎች ዘመን በ1982 አብቅቷል። ሱሩር ዜማ ደርሶ ከሆነ ዘመኑ በ1996 አልቋል። በ1947 የሞተው ከሩማ የደረሳቸው ዜማዎች ከ1997 በኋላ የማንም ገንዘብ መጠየቂያ አይሆኑም። ዐባዲ ግን የኖረው እስከ 1980 ስለሆነ ግጥሞቹ እስከ 2030 የተጠበቁ ናቸው። በ2012 ያረፈው ወርዲ የደረሳቸው ዜማዎች ዘመን ደግሞ እስከ 2062 ይዘልቃል።

ስሌቱ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ በአንድ ዘፈን ውስጥ ያሉት ግጥምና ዜማ የተለያየ ዕድሜ ሊኖራቸው ይችላል። ግጥሙን የዐባዲ፣ ዜማውን የከሩማ ያደረገ ዘፈን ቢገኝና ሁለቱ በየራሳቸው ቢታዩ፣ ዜማው ነጻ ሲሆን ግጥሙ ገና ባለቤት አለው። የአማርኛ ዘፋኞች በብዛት የሚወስዱት ዜማውን ብቻ ስለሆነ፣ ከቀደምቶቹ የሐቂባ ደራሲዎች የተወሰደው ዛሬ በገንዘብ በኩል ከወቀሳ ነጻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውና ዋነኛው ትምህርት ይህ ነው፤ ይህን ስሌት መሥራት የሚቻለው ደራሲው ሲታወቅ ብቻ ነው። «ዜማ፦ የሱዳን» ተብሎ የተመዘገበ ሥራ ነጻ ይሁን አይሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ አገር ሞቶ 50 ዓመት አይቆጠርለትምና። ስሙን የሰረዘው ሰው ደራሲውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ጎድቷል፤ በነጻ ሊዘፍነው የሚችለውን ዜማ ሳይቀር አጠራጣሪ አድርጎታል።

አዋጁን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የጋራ አስተዳደር ማኅበራትንና የሮያሊቲ አከፋፈልን ካቋቋመ ወዲህ ይህ ነገር የበለጠ ክብደት አግኝቷል። ሮያሊቲ የሚከፈለው ለስም ነው። ሬዲዮ ጣቢያው ወይም ሆቴሉ ያጫወተውን ዘፈን ሲመዘግብ በዜማ ደራሲው ዓምድ የሚሞላው የካሴቱ ሽፋን ያቀበለውን ነው። ሽፋኑ አገር ካቀበለ ዓምዱ ባዶ ነው፤ የባዶው ዓምድ ድርሻም ስማቸው ወደ ተመዘገበው ሰዎች ማዘንበሉ አይቀርም።

፬. የቡናው ስምና የዜማው ስም

የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ታሪክ ከሚያስታውሳቸው ድሎች አንዱ የቡናው ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ከአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ ተነሣ፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክርም በዓለም መገናኛ ብዙኃን ብዙ አነጋገረ፤ በ2007 በስምምነት ተቋጨ። የኢትዮጵያ ክርክር ፍሬ ነገር ቀላል ነበር። ይርጋ ጨፌ «የአፍሪካ ቡና» ብቻ ተብሎ መጠራት የለበትም፤ ዋጋው ያለው በስሙ ውስጥ ነው፤ ስሙም ባለቤት አለው።

ይህን ክርክር ከካሴቱ ሽፋን ጎን ማስቀመጥ ተገቢ ነው። በቡናው ጊዜ ኢትዮጵያ የጠየቀችው የጅምላው ስም ወጥቶ ልዩ ስሙ እንዲገባ ነው። በዜማው ጊዜ የአማርኛው ካሴት ያደረገው የተገላቢጦሹን ነው፤ ልዩ ስሙን አውጥቶ የጅምላውን አስገባ። ለቡና የቦታ ስም ባለቤትነትን ያጸናል፤ ቡናውን የሚያፈራው የአንድ አካባቢ ብዙ ገበሬ ስለሆነ። ለዜማ ግን የቦታ ስም ባለቤትነትን ይሰርዛል፤ ዜማውን የደረሰው አንድ ሰው ስለሆነ። ያው ቃል፣ የቦታ ስም፣ በአንደኛው ጋሻ በሌላኛው መደምሰሻ ይሆናል። የንጽጽሩ ፋይዳ ኢትዮጵያውያን የዜማ ሰዎችን መክሰስ አይደለም። በስም ላይ ያለው ፍትሕ ምን እንደሚመስል አገሪቱ ራሷ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ አንድ ጊዜ ተሟግታለታለች።

፭. ሦስት መከራከሪያዎች

ለ«የሱዳን» ሦስት መከራከሪያዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው የሙዚቃ ነው። የሱዳንና የኢትዮጵያ ሙዚቃ በአምስት ድምፅ ስልት የሚገናኙ ስለሆኑ፣ ከወዲያ የመጣው ዜማ ከወዲህም ሊወለድ ይችል ነበር ይባላል። ይህ ሐሳብ ስልትንና ዜማን ያደበላልቃል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የማንም አይደሉም፤ በትዝታ ስልት የተደረሰ አንድ የተወሰነ ዜማ ግን የደራሲው ነው። ፊደል የሁሉ ነው፤ በፊደል የተጻፈው ደብዳቤ ግን ጸሐፊ አለው። የኮፒራይት ሕግም ሐሳብንና ስልትን ከጥበቃ ውጭ ያደረገው፣ ጥበቃውን ለተገለጸው ሥራ ለይቶ ለመስጠት ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ የባህል ነው። ዜማን ለሰው መስጠት የምዕራባውያን ልማድ እንጂ የእኛ አይደለም፣ አዝማሪው የሰማውን ያዜማል እንጂ ደራሲ አይጠይቅም የሚል። የአዝማሪው ነገር እውነት አለው፤ «የሕዝብ» የሚለው ምዝገባም በእውነት የማንም ለሆነው ዜማ ትክክለኛ ነው። ባህሉ በሙሉ እንዲህ ነው ማለት ግን አይቻልም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች ከሺሕ አራት መቶ ዓመታት በላይ በአንድ ሰው ስም፣ በቅዱስ ያሬድ ስም ጠብቃለች። በቅኔ ቤትም «ቅኔ ዘረፈ» ማለት ከሌላው ወሰደ ማለት ሳይሆን ከራሱ አወጣ ማለት ነው፤ ተማሪው የመምህሩን ወይም የባልንጀራውን ቅኔ የራሱ አድርጎ ቢያቀርብ ክብር አያገኝም። የአማርኛ ባህል ለድምፅና ለቃል ባለቤት መስጠትን ከውጭ አልተማረም።

ሦስተኛው መከራከሪያ ከሁሉ የሚከብደው ነው። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ፖለቲካ ያሻከረውን ዘፈን አለዝቦታል፤ የድንበርና የውሃ ክርክር በተነሣ ቁጥር ሳይቋረጥ የቀጠለው የዜማው ጎረቤትነት ነው፤ ይህን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ፍቅሩን ያቀዘቅዛል ይባላል። መከራከሪያው ክብር ይገባዋል። ነገር ግን የሚከላከለው ዜማን መዋዋስን ነው እንጂ ስምን መሰረዝን አይደለም። የአማርኛ ግጥም በኦምዱርማን ዜማ ላይ መጻፉ ለሁለቱም ሥነ ጥበብ በረከት ነው፤ ከባድ የፈቃድ ሥርዓት ቢዘረጋ ይህ በረከት ሊነጥፍ ይችላል። ስም መጻፍ ግን ፈቃድም ገንዘብም አይፈልግም። ወዳጅነት የሚጸናውም ስም በመጥራት ነው፤ የወዳጁን ስም የማያውቅ ሰው ወዳጅነቱ ከመንገድ ሰላምታ አይዘልም። አማርኛው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል። «የሱዳን» የሚለው ምዝገባ ባለቤቱን ለመናቅ ታስቦ የተጻፈ ላይሆን ይችላል፤ ከተጻፈ በኋላ ግን አጥሩን መነቅነቅ ለሁሉም ቀላል ይሆናል።

፮. ማኅደሩ አደጋ ላይ ሲወድቅ

ጉዳዩ የሙያ ሥነ ምግባር ጥያቄ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። በ2023 የተነሣው ጦርነት ግን ሌላ መልክ ሰጥቶታል። በጦርነቱ የመጀመሪያ ቀናት የፈጥኖ ደራሽ ኃይል በኦምዱርማን የሚገኘውን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሕንፃ ያዘ። የሱዳን ጦር ሕንፃውን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2024 ነው። በእነዚያ ወራት ሁሉ የሱዳን የሥነ ጥበብ ሰዎች ሥጋት በሕንፃው ውስጥ ስለሚገኘው የድምፅ ማኅደር ነበር፤ ከ1940 ጀምሮ የተሰበሰበ የአንድ አገር ድምፅ።

ማኅደር ለባለቤትነት ሕግ ምን እንደሆነ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። በኮፒራይት ሕግ ጥበቃ ከመዝገብ አይመነጭም፤ ሥራው በተፈጠረ ጊዜ ይወለዳል። ለፈጠራ የሚሰጠው ፓተንት የሚገኘው ግን በማመልከቻና በምዝገባ ነው፤ ፈጣሪው ቢሞት እንኳ የምስክር ወረቀቱ በመዝገብ ቤት ይቀራል። የዜማ ደራሲ እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም። ማስረጃው ቴፑ ነው፤ በቴፑ መጀመሪያ ላይ የአስተዋዋቂው ድምፅ ነው፤ በቴፑ ሣጥን ላይ የተጻፈው ስም ነው። ይህ ሲጠፋ መብቱ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ቢኖርም የሚያስረዳው አይኖርም።

በዚህ ጊዜ በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በስደት ባሉ ኢትዮጵያውያን ቤት የቀሩት ካሴቶች ከመዝናኛነት ያለፈ ዋጋ ያገኛሉ። በኦምዱርማን ቅጂው የጠፋ ዜማ በአማርኛ ግጥም ተሸፍኖ በሕይወት ሊገኝ ይችላል። ተዋሹ ጎረቤት ሳያስበው የአደራ ጠባቂ ሆኗል። አደራ ግን የሚመለሰው የሰጠው ሰው ሲታወቅ ነው። ዜማው ተገኝቶ ሽፋኑ «የሱዳን» ብቻ ካለ፣ ምስክሩ ቀርቦ ስም ሲጠየቅ ዝም እንዳለ ይቆጠራል።

ስለዚህ ከሕግ ማሻሻያው በፊት ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። የቆዩ ካሴቶችን በዲጂታል መልክ እንደገና የሚያወጡ አሳታሚዎች፣ የሙዚቃ መዝገብ የሚያዘጋጁ ተቋማት፣ ስለ ዘፈን የሚጽፉ ሐያስያን «የሱዳን» የሚለውን እንዳለ መገልበጥ ማቆም ይችላሉ። ደራሲው ከታወቀ ስሙን፤ ካልታወቀ ዜማው ከየትኛው ሱዳናዊ ዘፋኝ እንደተሰማ፣ በየትኛው ከተማና በግምት በየትኛው ዘመን እንደሆነ ማስፈር ይቻላል። «ደራሲው ያልታወቀ» እና «የሱዳን» የሚሉት አገላለጾች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጥያቄውን ክፍት ያደርጋል፤ ሁለተኛው ይዘጋዋል። በሕግ በኩል ደግሞ አንቀጽ 3ን ከጎረቤት አገሮች ጀምሮ በእኩል መስተናገድ መርሕ ማስፋት፣ ቢያንስ የሞራል መብትን ዜግነትና መኖሪያ ሳይለይ ለማንኛውም ሥራ አመንጪ መስጠት፣ የአገሪቱን ኢኮኖሚ የሚጎዳ አይደለም። የስም መብት ከግምጃ ቤት ምንም አያወጣም።

የኦምዱርማን ሬዲዮ አስተዋዋቂ ከዘፈኑ በፊት ሦስት ስሞች ይጠራ ነበር። የአማርኛው ካሴት ከሦስቱ አንዱን፣ የገጣሚውን፣ በአዲስ ገጣሚ ተካ፤ ሁለተኛውን፣ የዘፋኙን፣ በአዲስ ዘፋኝ ተካ፤ ይህ ተገቢ ነው፤ አዲስ ግጥም ተጽፏል፣ አዲስ ድምፅ ተሰምቷል። ሦስተኛው፣ የዜማ ደራሲው፣ አልተተካም፤ ሥራው ራሱ እዚያው አለና። ስሙም ሥራው ባለበት ቦታ፣ በሽፋኑ ደቃቅ ፊደል መካከል፣ መገኘት ነበረበት።